በ58 ዩሮ ትኬት ወደ ጥንቶቹ ሜዳዎች

ክርክሩ የተነሣው በምሳ ሰዓት ነው። ፍራንክፈርት አጠገብ በምሠራበት መጋዘን ከአምስት አገር የመጣን ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከብበን እንበላለን፤ ሰኞ ሰኞ ደግሞ ከእግር ኳስ ሌላ ወሬ የለም። የቦሁም ደጋፊ የሆነው ባልደረባችን «የእኛ ክለብ ስሙ ላይ 1848 የሚል አለው፤ ከዚህ ወዲያ አንጋፋ ማን አለ?» ይላል። ሌላው የሙኒኩን 1860 ይጠቅስበታል። አንድ ቀን ነገሩን አጣርቼ እነዚህ ቁጥሮች የጂምናስቲክ ማኅበራት የልደት ዓመታት መሆናቸውን፣ ሙኒክ 1860 ውስጥ ኳስ መንከባለል የጀመረችው በ1899 መሆኑን ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ ምሳዬን በሰላም በልቼ አላውቅም። «ታዲያ አንጋፋው ማን ነው?» ሲሉኝ ጊዜ ሄጄ ልየው ብዬ ለግንቦት የአንድ ሳምንት ዕረፍት ጠየቅሁ።

ያን ጊዜ በወር 58 ዩሮ የምከፍልበት ትኬት ነበረኝ። በመላ አገሪቱ በከተማ አውቶቡስ፣ በትራምና በየመንደሩ በሚቆም ባቡር ያስኬዳል፤ ፈጣኑን ባቡር ግን ሲያልፍ ማየት ብቻ ነው። የራሴን ቀኖች በእኛ አቆጣጠር፣ የክለቦቹን ዓመታት በእነርሱ አቆጣጠር ጽፌአለሁ።

ግንቦት 19 ቀን 2017፤ ወደ በርሊን

በፈጣን ባቡር አራት ሰዓት የሚሆነው መንገድ በእኔ ትኬት አሥር ሰዓት ፈጀ። ከዚያ ሁሉ ሰዓት ሊነገር የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኤርፉርት ላይ ሊዘጋ ወደተቃረበ በር ስሮጥ ለስንቅ የያዝኩት የተቀቀለ ዕንቁላል ከነፌስታሉ አምልጦኝ በመድረኩ ላይ ተንከባለለ። አንዲት አሮጊት አንዱን አንሥተው በበሩ ስንጥቅ አቀበሉኝ። ሦስቱ እዚያው ቀሩ።

ግንቦት 20፤ በርሊን

የአክስቴ ልጅ ኖይኩልን በሚባለው ሰፈር ትኖራለች፤ የሌሊት ተረኛ ነርስ ናት። ጠዋት ስትገባ ጫማዬን እያሰርኩ አገኘችኝ።

«ወዴት ነው?»

«ሜዳ ላላይ ነው።»

«ሰው በርሊን ድረስ መጥቶ ሣር ያያል?» ብላ ሳቀችና ወደ መኝታዋ አለፈች።

ከቤቷ ሃዘንሃይደ የተባለው መናፈሻ በእግር ሩብ ሰዓት ነው። እዚያ ውስጥ ረጅም ጢም ያለው የፍሪድሪሽ ሉድቪሽ ያን ሐውልት ቆሟል። ጀርመኖች የጂምናስቲክ አባት የሚሉት ይህ ሰው በ1811 ወጣቶችን ሰብስቦ በገመድና በእንጨት ላይ ማለማመድ የጀመረው በዚሁ ቦታ ነው። የእርሱ ተከታዮች ሰልፍና ሥርዓት የሚወዱ፣ አገር ወዳድነታቸውም የበረታ ነበሩ። ከእንግሊዝ የመጣው ኳስ የመራገጥ ነገር ለብዙዎቹ ጋጠወጥነት መሰላቸው። የጂምናስቲክ መምህር የነበረው ካርል ፕላንክ በ1898 ሽቱትጋርት ላይ ባሳተመው ጽሑፍ ጨዋታውን «የእንግሊዝ በሽታ» እስከ ማለት ደርሷል።

ከመናፈሻው በደቡብ በኩል ሲወጡ ብዙ ሳይርቅ የቴምፐልሆፍ ሜዳ ይገኛል። አውሮፕላን ማረፊያው በ2008 ከተዘጋ በኋላ ለሕዝብ የተከፈተ ከ300 ሄክታር በላይ የሆነ ገላጣ ሲሆን ነፋሱ የእንጦጦን ያስንቃል። በማኮብኮቢያው ላይ ብስክሌት ይነዳሉ፣ ሥጋ ይጠብሳሉ፣ አንዱ ጥግ ላይ ጎመን የሚተክሉም አሉ። ከአውሮፕላኑ በፊት ግን የፕሩሲያ ጦር ሰልፍ የሚያሳይበት ሜዳ ነበር። ወታደሩ ዞር ሲል የበርሊን ተማሪዎች ኳስ ይዘው ይገቡበታል። የግብ ቋሚውን ከሰፈራቸው ተሸክመው ይመጣሉ፤ ሲመሽ ተሸክመው ይመለሳሉ። እኛ ሁለት ድንጋይ ወይም ሁለት ሹራብ አስቀምጠን የምንገላገለውን እነርሱ በትከሻቸው ያመላልሱት ነበር።

ከእነዚህ ልጆች መካከል ፓውል የስትራም የተባለው ተማሪ ከወንድሞቹና ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ሚያዝያ 15 ቀን 1888 ክለብ መሠረተ፤ ስሙንም ጌርማኒያ አለው። በጀርመን እስከ ዛሬ ካሉት የእግር ኳስ ክለቦች ሁሉ አንጋፋው ይህ ነው። የቦሁሙ ባልደረባዬ ይስማልኝ።

ቀትር ላይ አርኮና አደባባይ ሄጄ ነበር። በ1892 ሁለት ጥንድ ወንድማማቾች፣ ሊንድነርና ሎረንትስ የሚባሉ፣ የሄርታ በርሊንን ነገር የጠነሰሱት እዚያ ነው። ክለቡ ስሙንና ቀለሙን ያገኘው አንደኛው ልጅ ከአባቱ ጋር ከተሳፈረባት ሄርታ ከምትባል የእንፋሎት መርከብ ነው። የእኛው ኳስ ተጫዋች ጌዲዮን ዘላለምም በልጅነቱ የኳስ ሀሁ የቆጠረው በዚህ ክለብ ታዳጊዎች ውስጥ ነው። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ የሰባት ዩሮ ዶነር ኬባብ በላሁ። ከአምስት ዓመት በፊት አራት ዩሮ ነበር።

አመሻሽ ላይ ጎትስ ጎዳና ወደሚገኘው የጌርማኒያ ሜዳ ሄድኩ። ቢያንስ አንድ ሐውልት እጠብቅ ነበር። ያገኘሁት ሽቦ አጥር፣ የሚለማመዱ ሕፃናትና የቁልፍ ዘለላ ወገባቸው ላይ ያንጠለጠሉ አንድ አዛውንት ነው።

«አንጋፋው ክለብ ይህ ነው?» አልኳቸው።

«ነው። ቡናችንም እኩያው ነው» ብለው በአንድ ዩሮ ከሃምሳ ቀዱልኝ። አልዋሹም።

ዛሬ ቡድኑ የሚጫወተው በበርሊን የታችኛዎቹ እርከኖች ነው፤ ሰውዬው ግን ሲያወሩ ኩራታቸው አይጣል ነው። ጉዞዬን የሚያዘልቅ ታሪክ የሰጡኝም እርሳቸው ናቸው። በ1894 የበርሊኑ ቪክቶሪያ ለሻምፒዮንነት ሊጋጠም የነበረው ከሃናው ከተማ ክለብ ጋር ነበር። ሃናዎች በርሊን ድረስ የሚያመጣ የመጓጓዣ ገንዘብ አጡና ቀሩ፤ ቪክቶሪያም ኳስ ሳይነካ ሻምፒዮን ተባለ።

«የትኛው ሃናው?» አልኩ።

«ፍራንክፈርት አጠገብ ያለው።»

ከቤቴ በባቡር ሃያ ደቂቃ ነው። ሥራ ስገባ በየቀኑ ስሙ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ እሰማለሁ።

ግንቦት 21፤ ድሬስደን

ዕለቱ በእኛ ግንቦት ማርያም ነበረች፤ በዚያ ዓመት ፋሲካ ከእነርሱ ጋር ስለገጠመ ዕርገትም በዚያው ቀን ዋለ። በጀርመን ዕርገት ሥራ የሚዘጋበት በዓል ብቻ ሳይሆን የአባቶች ቀንም ነው። የአባቶች ቀን የሚከበረው ደግሞ ወንዶች የእጅ ጋሪ ላይ ቢራ ጭነው በየጫካው እየጎተቱ በመዞር ነው። ይህን እያወቅሁ ሱቅ ሁሉ እንደሚዘጋ ረሳሁ። ባቡር ጣቢያው ውስጥ ካለ ዳቦ ቤት በቀር የተከፈተ አላገኘሁም፤ አይብ የገባበት ትንሽ ዳቦ በ4 ዩሮ ከ90 ገዝቼ ቀኑን በእርሱ ዋልኩ።

ከጣቢያው ወደ ስታዲየሙ በእግር ሄድኩ። የዲናሞ ድሬስደን ሜዳ አካባቢ በዚያ ዘመን የጉንትስ መስክ ይባል ነበር። በ1874 በከተማዋ ይኖሩ የነበሩ እንግሊዛውያን የራሳቸውን የእግር ኳስ ክለብ አቋቁመው የተጫወቱት በዚሁ ሰፈር ነው። ከብሪታንያ ውጪ በአውሮፓ የመጀመሪያው ክለብ ይህ እንደሆነ ይነገርለታል። ክለቡ ፈረሰ፤ ከተከታዮቹ መካከል ድሬስደን ስፖርት ክለብ በ1898 ተወለደ።

እዚያ ቆሜ አዲስ አበባ ትዝ አለችኝ። በእኛ አገር በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር የተሰለፉት የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ጦር ቡድን ነበሩ። ዋንጫውንም የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። እንግዳ ኳሱን ይዞ ይመጣል፤ የሰፈር ልጅ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያያል፤ ጥቂት ቆይቶ ልጁ ሜዳ ውስጥ ነው።

ጋሪ የሚጎትቱት ሰዎች ሲያልፉ አንዱ ቢራ ዘረጋልኝ። አመስግኜ ተቀበልኩ። ጠርሙሱን ልጥል ስል «ስምንት ሳንቲም ነው!» ብሎ ጮኸብኝ፤ ባዶውን ሲመልሱ የሚገኘው ገንዘብ ማለቱ ነው። እስከ ጉልበቱ የሰከረ ጀርመናዊ እንኳን ሳንቲም አይስትም። ያደርኩበት ባለ ስድስት አልጋ ክፍል 32 ዩሮ ነበር፤ አምስቱ አልጋዎች ላይ አባቶች እያንኮራፉ አደሩ።

ግንቦት 22፤ ላይፕዚግ

የተቀበሉኝ አባቴ በወጣትነቱ የሚያውቃቸው ሰው ናቸው፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። በደርግ ጊዜ በነፃ የትምህርት ዕድል መጥተው በሄርደር ተቋም ጀርመንኛ ተማሩ፣ ምሕንድስና አጠኑ፣ እዚያው ቀሩ። ጀርመንኛቸው የላይፕዚግ ለዛ አለው፤ አማርኛቸው ግን የ1970ዎቹ አዲስ አበባ እንደሆነ ቀርቷል። አውቶቡሱን «አንበሳ» ይሉታል።

መጀመሪያ የወሰዱኝ ከዋናው ባቡር ጣቢያ ብዙ ወደማይርቀው ቡትነር ጎዳና ነው። ቁጥር 10 ግድግዳ ላይ የመታሰቢያ ጽላት አለ። ጥር 28 ቀን 1900 ማሪየንጋርተን በተባለው ምግብ ቤት 36 ሰዎች ተሰብስበው የጀርመን እግር ኳስ ማኅበርን መሠረቱ። ሰዎቹ 36፣ የተወከሉት ክለቦች ግን 86 ነበሩ፤ አንዱ የሌላውን ውክልና ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የመጣው። ጋሼ «ልክ እንደ ዕቁባችን» አሉኝ፤ «ሦስት ሰው ይመጣል፣ የአሥር ሰው ብር ይዞ።»

የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ሁፐ የጤና አጠባበቅ ፕሮፌሰርና የባክቴሪያ ተመራማሪ ሲሆኑ የመጡት ከፕራግ ነው። ፕራግ በኦስትሪያ ግዛት ሥር ብትሆንም የከተማዋ ጀርመናውያን ክለብ የማኅበሩ አባል ነበር። ይህ ክለብ በ1903 ማኅበሩ ባዘጋጀው የመጀመሪያው ብሔራዊ ሻምፒዮና ላይ ፍጻሜ የደረሰበት መንገድ እስከ ዛሬ ያስቃል። በግማሽ ፍጻሜው የሚጠብቀው ጠንካራው ካርልስሩህ ነበር። ጨዋታው ከመድረሱ በፊት ለካርልስሩሆች ጨዋታው ተላልፏል የሚል ቴሌግራም ደረሳቸው። አምነው ቤታቸው ቀሩ። ቴሌግራሙ ሐሰተኛ ነበር። እነርሱ ተሰረዙ፤ ፕራግ ግማሽ ፍጻሜውን ሳይጫወት አለፈ። ይህን ስሰማ የሃናዎቹ ነገር ትዝ አለኝና ያን ዘመን የሚያሸንፈው ባቡር ላይ የወጣው ነው ማለት ነው ብዬ ሳቅሁ። ጋሼ አልሳቁም። ለእርሳቸው ነገሩ ገና ትኩስ ነው።

ከሰዓት በኋላ በትራም ወደ ፕሮብስትሃይዳ ሄድን። ያን የመጀመሪያ ዋንጫ ያነሣው የላይፕዚጉ ቪኤፍቢ ነው፤ የእርሱን ቅርስ የያዘው ሎኮሞቲቭ ላይፕዚግ የሚጫወተው እዚህ በብሩኖ ፕላኸ ስታዲየም ነው። ጋሼ በረኛውን አባብለው አስገቡኝ። ጥላ ፎቁ በ1932 የተሠራ ከእንጨት ነው። ስንወጣ ደረጃው ይንቋቋል። ወንበር ብዬ የተቀመጥኩበት ረጅም ጣውላ ነው፤ በብዙ ሰው መቀመጫ ከመለስለሱ የተነሣ መሐሉ ጎድጎድ ብሏል፤ ጠርዙ ላይ ደግሞ አንዱ በቢላዋ የቀረጸው ስም በላዩ ላይ ሦስት አራት ጊዜ ተቀብቶበት እየጠፋ ነው። ዝናብ የበላው እንጨትና የቢራ ሽታ አለው። ወደ ፊት ያለው የቆሞ ማያ ሣር በቅሎበታል። አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ በኩል የተገፋ ሰው እንዲህ ያለ ባዶ እርከን ሲያይ አንጀቱ ይላወሳል።

«እኔ ግን ያየሁት ዋናው ስታዲየም ውስጥ ነው» አሉ ጋሼ። በ1987 ከቦርዶ ጋር በዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ከ70 ሺህ በላይ ሰው መሐል ነበሩ። ጨዋታው በመለያ ምት ሆነ፤ በረኛው ሬነ ሙለር የመጨረሻውን ምት ራሱ መትቶ አገባ። እጃቸውን ዘርግተው ኳሷ የገባችበትን ጥግ አሳዩኝ። ክለቡ ያን ጊዜ በአራተኛው እርከን ነበር፤ በዚያ ሳምንት ግን ወደ ሦስተኛው ለማደግ ከሃቨልዘ ጋር በመፋለም ላይ ነበር፤ የመልሱ ጨዋታ እሑድ ነው።

ማታ ባለቤታቸው ጥብስ ሠርተው ጠበቁን። ዓርብ ቢሆንም በዓለ ሃምሳ ገና አላለቀምና ማንም አልተሳቀቀም። እንጀራው ግማሹ ጤፍ፣ ግማሹ የሩዝ ዱቄት ነው፤ የጤፉ ዋጋ በኪሎ ስድስት ዩሮ ስለደረሰ እንዲህ ማብቃቃት ግድ ሆኗል። ዓይኑ ግን የሞላ ነበር።

ግንቦት 23፤ ብራውንሽቫይግና ረጅሙ መንገድ

ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ተነሣሁ። ዕቅዴ ብራውንሽቫይግን አይቼ፣ ሳይመሽ ሃምቡርግ አልቶና መድረስ ነበር፤ የ1903ቱ ፍጻሜ የተካሄደው አልቶና ላይ፣ ያውም በዚሁ ቀን፣ ግንቦት 23 (ሜይ 31) ነውና።

ብራውንሽቫይግ ውስጥ ማርቲኖ ካታሪኔውም የተባለው ትምህርት ቤት በር ዝግ ነበር፤ ቅዳሜ ነው። የቋንቋ መምህሩ ኮንራድ ኮህ ከጂምናስቲክ አስተማሪው አውጉስት ሄርማን ጋር ሆኖ በ1874 ተማሪዎችን ከእንግሊዝ የመጣ ኳስ ያስጨበጠው እዚህ ነው። «ያስጨበጠው» ያልኩት በእጅ መያዝ ይፈቀድ ስለነበር ነው፤ በ1875 ያወጣው የጀርመን የመጀመሪያ ደንብ ለራግቢ ይቀርባል። ኮህ ቆይቶ ደግሞ የእንግሊዝኛውን ቃል ሁሉ በጀርመንኛ ለመተካት ተጋ። ጂምናስቲከኞቹ የባዕድ ጨዋታ እያሉ የሚከሱትን በቃላት ማላመዱ ነበር። እኛ «ኮርነር»ን «የማዕዘን ምት» ለማለት ምን ያህል እንደፈጀብን ሳስታውስ ሰውዬው ደስ አለኝ። ደጃፉ ላይ አሥር ደቂቃ ቆሜ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተበላሸ። ወደ ሰሜን የሚሄደው ባቡር በሐዲድ ጥገና ተሰርዞ በአውቶቡስ ተተካ። አውቶቡሱ አልመጣም። ሲመጣ የሁለት ባቡር ሰው ለአንዱ ተጋፋ። እንደ መርካቶ ሚኒባስ የሚጠራ ረዳት ቢኖረው ኖሮ በአሥር ደቂቃ ያሳፍረን ነበር፤ ጀርመኖች ግን ሰልፍ ሲፈርስባቸው ምን እንደሚያደርጉ አያውቁም። አልቶና የደረስኩት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ጀንበር እየጠለቀች ነበር።

ቦርሳዬን 41 ዩሮ በከፈልኩበት ማደሪያ ጣልኩና የጦር ልምምድ መስክ ወደነበረው ሰፈር ሄድኩ። ቤትና መንገድ ሆኗል። በ1903 ቪኤፍቢ ላይፕዚግና ፕራግ እዚህ ሲገናኙ ዳኛው የአልቶናው ፍራንትስ ቤር ነበር፤ ሜዳውንም ያሰናዳው እርሱ ነው። ሁለቱ ቡድኖች ቀርበው፣ ተመልካች ገመዱ ዳር ቆሞ፣ ሁሉ ነገር ተሟልቶ ደህና ኳስ ጠፋች። እስክትገኝ ድረስ የአገሪቱ የመጀመሪያ ፍጻሜ ቆሞ ጠበቃት። ፕራግ ቀድሞ አገባ፤ ሲያልቅ ግን ላይፕዚግ 7 ለ 2 አሸንፎ ነበር። በአንድ ቤት መስኮት የቴሌቪዥን ብርሃን ይታያል፤ የዚያን ምሽት የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ሙኒክ ላይ እየተካሄደ ነበርና ሰፈሩ በየመስኮቱ ይጮኻል። ከየሳሎኑ የሚወጣውን ጩኸት እየሰማሁ ጨለማው እስኪወርድ ቆየሁ።

ግንቦት 24፤ አልቶና

እሑድ ጠዋት የዓሣ ገበያው ከንጋቱ ጀምሮ ይደራል። ጥሬ ሄሪንግ ከሽንኩርት ጋር የገባበት ዳቦ በአምስት ዩሮ ገዛሁና ለረጅም ጊዜ አየሁት። ጥሬ ሥጋ ሲቆረጥ ቢላዋ የሚሻማ ሕዝብ ልጅ ጥሬ ዓሣ ፈራ። ዓይኔን ጨፍኜ ጎረስኩ፤ ጨው ጨው አለኝ፤ ሁለተኛ ገዛሁ።

የአልቶና 93 ሜዳ፣ አዶልፍ የገር መታሰቢያ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው፤ ዙሪያውን ዛፍና መኖሪያ ቤት ከቦታል። የገር ለብሔራዊ ቡድን 18 ጊዜ የተሰለፈ አጥቂ ሲሆን በ1944 ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል ቦምብ ሲያመክኑ በደረሰ ፍንዳታ ሞተ። አጥሩ ላይ ተደግፌ ሳለ ከላይፕዚግ አንድ መልእክት ገባ። ጋሼ ናቸው። «ዛሬ ነው፤ ጸልይ።» ማታ ሌላ መጣ፤ «ተሸነፍን።» ሃቨልዘ አለፈ።

ግንቦት 25፤ ሃናው

ከሃምቡርግ ጎህ ሲቀድ ወጥቼ በሃኖቨር፣ በጎቲንገን፣ በካሰልና በፉልዳ አድርጌ አመሻሽ ላይ ሃናው ወረድኩ። ስንት ዓመት ሳልፍባት በጣቢያው ስወርድ የመጀመሪያዬ ነው።

የሃናው 93 ሜዳ ላይ ልጆች ይለማመዳሉ። መረቡን የሚጠግን አንድ ሰው አገኘሁና የመጣሁበትን ነገርኩት። ሳቀ። በ2007 የጀርመን እግር ኳስ ማኅበር ፈቅዶ ያ ቀሪ ፍጻሜ ከ113 ዓመት በኋላ ተካሄደ፤ ቪክቶሪያ በርሊን ላይ 3 ለ 0 አሸነፈ፤ ሃናው ላይ 1 ለ 1 ተለያዩ። «ቢያንስ ሄደን ተሸነፍን» አለኝ።

ትኬቴን እንዳሳየው ጠየቀኝ። ካርዱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው።

«በዚህ በርሊን ይደረሳል?»

«ይደረሳል። አሥር ሰዓት ይፈጃል።»

«ዘግይቷል» ብሎ መለሰልኝ።

ማክሰኞ ሥራ ገባሁ። ምሳ ላይ የቦሁሙ ሰው ሹካውን አስቀምጦ «እሺ፣ አንጋፋው ማን ሆነ?» አለኝ። ጌርማኒያ አልኩት፤ በርሊን፤ 1888።

«በየትኛው ሊግ ነው የሚጫወቱት?»

ነገርኩት።

«እንግዲያው አይቆጠርም» አለና ሾርባውን ቀጠለ።